ያላለቀው የግራ ጫማ

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ጓደኛዬ ፌንጣ፣ የፌንጣ አክስትና እኔ። አክስቱ የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ተማሪ ሱሪ ያሳጥራሉ። ፌንጣ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር ካርቶን ይጎትታል። እኔ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ፌስታል ይዣለሁ። ፌስታሉ ውስጥ አንድ የቀኝ እግር ጫማ አለ። ስኬትቦርዴን ግድግዳው ላይ አስደግፌዋለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ያ የታቀፍከው ምንድን ነው?" አሉ አክስቱ።

"ጫማ ነው፣ እትዬ።"

"አንድ እግር?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሌላውስ?"

"ሌላው ተቀዷል። ቤት ትቼው መጣሁ።"

መኪናው ቆመ። አክስቱ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና አዩኝ።

"አንድ እግር ጫማ ታቅፈህ ስድስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ መጣህ?"

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። እኔ ሳፍር መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮዬ ነው።

"አክስቴ፣ ተይው በናትሽ" አለ ፌንጣ ከአልጋው ሥር።

"ጤነኛ ነው ግን?"

"ከኔ ይሻላል።"

"ካንተማ ማን የማይሻል አለ" አሉና መኪናቸውን እንደገና ረገጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኬትቦርድ፣ ያን ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ የሚነዳ ሰው ጥንድ ጫማ ገዝቶ የሚጨርሰው አንዱን እግር ብቻ ነው። እግር እንዳያንሸራትት ቦርዱ ላይ ብርጭቆ ወረቀት የመሰለ ሸካራ ነገር ይለጠፍበታል። ለመዝለል ሲፈለግ የፊተኛው እግር ጎን በዚያ ላይ እየተፋተገ ይወጣል። በቀን መቶ ጊዜ የሚዘል ሰው ጫማው ትንሿ ጣት አጠገብ ሳስቶ ሳስቶ ይበሳል። የኋለኛው እግር ጫማ ግን ላዩ ምንም አይሆንም። መሬት የሚገፋው እሱ ስለሆነ ሶሉ ብቻ ትንሽ ይበላል።

እኔ የማስቀድመው ግራ እግሬን ነው። ፌንጣ ቀኙን ያስቀድማል። ስለዚህ የኔ ግራ ሲበሳ የሱ ግራ ደህና ነው፤ የሱ ቀኝ ሲበሳ የኔ ቀኝ ደህና ነው። ሁለታችንም አርባ አንድ ቁጥር ነን።

ይህን ያወቀው እሱ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ሳለን፣ ከተዘጋው ገበያ ጀርባ ያለው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ፊቴን ሳይሆን እግሬን እያየ መጣና "ስንት ቁጥር ነህ?" አለኝ። መጀመሪያ የተናገረኝ ቃል እሱ ነው። ያኔ ሠላሳ ስምንት ነበርን። እግራችን አብሮ አደገ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ጫማ ሁለት ጥንድ እንገዛለን። ሁለቱም ሲያልቁ የተረፉት አንድ ቀኝና አንድ ግራ ሦስተኛ ጥንድ ይሆናሉ፤ እሱን በየተራ እንወስዳለን። ባለሱቁ ወንድማማቾች እንመስለው ነበር። አንዳችንም አላረምነውም።

እኔ ግን በሆዴ የያዝኩት ነገር ነበር። ፌንጣ ሰው የሚወደው ልጅ ነው። በገባበት ቤት ሁሉ ሳቅ ይከተለዋል። እኔ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ቃሉን በልቤ ሁለት ጊዜ ሳልል አልጀምርም። ለዚህ ነው "አፈ ቀላጤ" ብሎ ስም ያወጣልኝ፤ የማይናገር አፈ ቀላጤ። እንዲህ ያለ ልጅ ከኔ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነበር፤ ጫማው። አንድ ቀን ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሌላ አርባ አንድ ቁጥር ቢያገኝ እኔን ምን ያደርገኛል?

የዛሬ ስምንት ወር ፌንጣ ወደዚህ ከተማ መጣ። አክስቱ ከሚኖሩበት ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ የመኪና ቆርቆሮና ቀለም ሥራ ሊያስተምረው ተቀበለው። ከመሄዱ በፊት እንደ ልማዳችን ሁለት ጥንድ ገዛን። "ሲያልቅ ትመጣለህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መልእክት እልክለታለሁ። የምጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ጫማህ እንዴት ነው?" ደህና ነህ ወይ ማለቴ ነበር። እሱም "ሊያልቅ ነው"፣ "እየሳሳ ነው"፣ "ዛሬ ደረጃ ዘለልኩበት" እያለ ይመልሳል።

ባለፈው ሰኞ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ "አለቀ ባክህ። ቀኙ በሳ። ግራው ግን አንደኛ ነው። ተራው ያንተ ነው፤ ና ውሰድ።" የኔ ግራ ካለቀ ወር አልፎታል፤ በካልሲ ላይ ካልሲ ደርቤ ነበር የምነዳው። የምሠራው ታፔላ ቤት ነው፤ የሱቅና የቢሮ ታፔላዎች ላይ ፊደል እጽፋለሁ። ከአለቃዬ ቅዳሜን አስፈቀድኩና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሳፈርኩ።

መናኸሪያው በር ላይ ፌንጣ ከሰው ሁሉ በላይ እየዘለለ እጁን ያወዛውዝ ነበር። ቅጽል ስሙን በከንቱ አላገኘውም።

"አፈ ቀላጤ! ለተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ንግግር አድርግልን!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ነደደ። መጥቶ አቀፈኝ፤ ቀለምና አቧራ ይሸታል፤ ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት ገብቷል። ከስቷል፤ ክንዱ ግን ጠንክሯል።

"ቦርድህስ?" አልኩት።

"ቤት ነው። ና፣ ቅርብ ነው።"

በእግራችን ሄድን። የእግረኛው መንገድ እንዴት ያለ መሰላችሁ! ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ስንጥቅ የሌለበት። አንድ ባንክ በር ላይ ዝቅ ያሉ አምስት ደረጃዎች አየሁ። ወለሉ የጥርብ ድንጋይ ነው። ስኬትቦርድ የሚነዳ ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ ሕንፃውን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያየው። ፌንጣ ግን የሚያየው መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ነበር። አንዱ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በሩን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና "ይቺ ሁለት ጊዜ ተቀብታለች" አለኝ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ ልመለስ። ፌንጣ ካርቶኑን አወጣ። ከውስጡ ሁለቱን ጫማዎች አንሥቶ ቀኙን ፊቴ ላይ አወዛወዘው።

"እየው፤ ድምጥማጡ ጠፋ! ይሄኛው ደግሞ ያንተ። እንካ።"

ግራውን ተቀበልኩና ገለበጥኩት። የሶሉ ጥርሶች እንደ አዲስ ናቸው፤ ጫፋቸው እንኳ አልደነዘዘም። ስምንት ወር አስፋልት ሲገፋ የኖረ ጫማ እንዲህ አይሆንም። የኔ ቀኝ፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለው፣ ጣቶቹ ሥር እንደ መዳፍ ልሙጥ ነው። የፌንጣ ግራ ከመጠን በላይ ጤነኛ ነበር።

"ያኛውን አሳየኝ" አልኩት።

"የተበሳ ጫማ ምን ያደርግልሃል?"

"ዝም ብዬ።"

ሰጠኝ። ቀዳዳው ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው፤ ትንሿ ጣት አጠገብ። ዙሪያው ግን በጣም ያምራል። የኛ ጫማ ሲበሳ እንደ ውሻ የነከሰው ነው የሚሆነው፤ ክሩ ይንጨባረራል፣ ቆዳው አንድ ወገን ላይ ይላጣል። ይሄ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሳስቶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ቀለም ሊቀባ የተዘጋጀ የመኪና በር ይመስላል። ከሁሉም በላይ ማሰሪያው አልተነካም። ስንዘል መጀመሪያ የሚበጠሰው ማሰሪያው ነው፤ ሁልጊዜ። የሱ ማሰሪያ ከሱቅ እንደወጣ ነጭ ነው።

ገባኝ። ፌንጣ ቦርድ መንዳት ትቷል። ጫማውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ነው የበሳው።

ግራውን ከፌስታሉ ቀኝ ጋር አጋጥሜ አደረግኩና ተነሥቼ ቆምኩ።

"ልክ ነው?" አሉ አክስቱ።

"ልክ ነው፣ እትዬ።"

ልኩስ ልክ ነው። ግን መንዳት ከተወ ከእንግዲህ ቀኝ እግር የሚያልቅበት ሰው የለም። የኔን ቀኝ የሚፈልግ፣ ግራውን የሚሰጠኝ የለም። ያ ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር ሌላ አርባ አንድ ቁጥር ሆኖ አልመጣም፤ እንዲህ ሆኖ መጣ። እንዳላፍርም አዝኖልኝ ነው፤ በሰላም ተሸኝቼ እንድሄድ ብሎ ነው ይህን ሁሉ የለፋው ብዬ አሰብኩ። ቢያንስ ላላስቸግረው ፈለግኩ።

"እንግዲህ ልሂድ" አልኩ። "የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ይደርስልኛል።"

"የት ነው የምትሄደው?" አለ ፌንጣ።

"ወደ ቤት። ጫማውን ወስጄ የለ?"

"ነገ ማታ ድረስ አይደለም እንዴ የመጣኸው?"

"ሥራ አለብኝ።"

"እሑድ?"

ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን እንደገና አሰርኩ፤ ታስሮ ነበር። ፌንጣም ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ክፍሉ ይጠብባል። አክስቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

"እኔስ አልችልም! ልጄ፣ ስማኝ። ሐሙስ፣ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀርህ፣ ከሥራ ሲመለስ እደጃፍ ቁጭ ብሎ ያን ጫማ ሲፈገፍገው አየሁት። ደህና ጫማ! ሰው የሚለምነው ጫማ! እኔ እዚህ የተቀደደ ስሰፋ እውላለሁ፤ እሱ እዚያ ያልተቀደደ ይቀድዳል። ምን ነካህ ብለው 'ለጓደኛዬ ነው' አለኝ። ለጓደኛው ጫማ የሚቀድድ ሰው የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

"አክስቴ!"

"ምን አክስቴ አክስቴ ትለኛለህ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ነው የሚባለው። ያንተ እኮ እያደር ከበደ!"

ፌንጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። እኔ የምለው ጠፋኝ። ብዙ ጊዜ ሲጠፋኝ አፌን ዘግቼ እወጣለሁ። ያን ቀን ግን አንድ ነገር አገኘሁ።

"ስንት ቁጥር ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ብርጭቆ ወረቀቱ።"

ቀና አለ። "በሰማንያ ጀመርኩ። በመቶ ሃያ ጨረስኩ።"

"መቶ ሃያው ነው ያጋለጠህ። በጣም ለሰለሰ።"

"እጄ እንቢ አለኝ እኮ! ሻካራ ትቶ መነሣት አልሆንለት አለው።"

"ማሰሪያውንም ረስተሃል።"

ጫማውን አንሥቶ አየ። አፉ ተከፈተ። "ማሰሪያውን!" አለና ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ማሰሪያውን ረሳሁ! እኔ ነኝ ማሰሪያ የምረሳው?"

"ሶሉንም።"

"በቃ፣ በቃ። ተዋርጃለሁ፤ አትጨምርብኝ።"

አክስቱ ምኑም አልገባቸውም፤ እየሳቁ ግን ነበር። እኔም ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"መቼ ተውከው?" አልኩት።

"ገና እንደ መጣሁ። ሦስት ቀን ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ከባንኩ ደረጃ ዘልዬ በአፍንጫዬ ተደፋሁ። ቀና ብዬ ዙሪያውን ባይ የሚስቅብኝ ሰው የለም። አንድ አዛውንት መጡና 'አይዞህ ልጄ፣ ተጎዳህ?' አሉኝ። አስበው! እንዲህ ተብሎ ቦርድ ይነዳል? አንተ ብትኖር እኮ ቃል ሳትተነፍስ በሳቅ ትከሻህ ሲንቀጠቀጥ አይህ ነበር። ቦርዴን ተሸክሜ ገባሁ፤ በዚያው ቀረሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትመጣ ነበር?"

ባዶውን ፌስታል ማጠፍ ጀመርኩ።

"ንገረኝ እንጂ" አለ ፌንጣ። "ስንት ዓመት ስንተዋወቅ አንድ ቀን ያለ ጉዳይ ቤታችን መጥተህ ታውቃለህ? አንዴ ጎማ ልትመልስ። አንዴ መፍቻ ልትዋስ። አንዴ ኩሽኔታ ቅባት ይፈልጋል ልትለኝ። እናቴ እኮ 'ያ ባለጉዳይህ መጥቷል' ነው የምትለኝ፤ ስምህንም አታውቀው። ጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ ትነሣለህ፤ እንደ ፖስተኛ! እኔም አሰብኩት፤ ጫማው ሲያልቅ ይመጣል፣ ጫማው ካላለቀ አይመጣም። ጫማው ደግሞ ካልነዳሁ አያልቅም። ታዲያ ምን ላድርግ? ጨረስኩት።"

"ልጄ፣ ይሄስ እውነቱን ነው" አሉ አክስቱ ቀስ ብለው።

ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ ግንባሬ ሁሉ ጋለ። በሆዴ የያዝኩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁት። የጫማ ቁጥሬን ነው የምትፈልገው ብዬ ነበር አልኩት። አንድ ቀን ሌላ አርባ አንድ ቁጥር ታገኛለህ ብዬ እጠብቅ ነበር አልኩት። ይህን ስል እሱን ሳይሆን ቦርዴን ነበር የማየው።

ፌንጣ ወደ አክስቱ ዞረ።

"አክስቴ፣ እውነትሽን ነው" አለ። "ጤነኛ አይደለም።" ከዚያ ወደኔ ዞረ። "አንተ ጅል፣ በዚህ ከተማ ስንት ሺህ አርባ አንድ ቁጥር አለ መሰለህ? የጋራዡ ዘበኛ አርባ አንድ ነው! ሄጄ ዘበኛውን አላቅፍም።"

አክስቱ የሚሰፉትን ሱሪ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እኔም ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፌንጣ ይህን ሲያይ ተነሥቶ እጁን ዘረጋና "ይኸው! ይኸው! ስምንት ወር የጠበቅኩት!" ብሎ ጮኸ።

ለማደር ወሰንኩ። ችግሩ ካደርኩ አይቀር ምን ልሥራ የሚለው ሆነ። ስገባ የአክስቱን ታፔላ አይቼው ነበር፤ ፀሐይ ጨርሶታል፤ "ልብስ" የሚለው እንጂ "ስፌት" የሚለው አይነበብም።

"እትዬ፣ ቀለም ካለ ታፔላውን ልጻፍልዎት" አልኩ።

የአክስቱ ፊት በራ። "ውይ የኔ ልጅ! ስንት ዘመን ሆነኝ ሰው ስፈልግ! ቀለሙን እሱ ከጋራዥ…"

"አይሆንም!" አለ ፌንጣ።

"አንተ ምን አገባህ? የኔ በር፣ የኔ ታፔላ!"

"አክስቴ፣ ጉዳይ አትስጪው። ጉዳይ ከሰጠሽው ሲጨርስ ይሄዳል።"

አክስቱ አሰቡበት። ወደ በሩ አዩ፤ ወደኔ አዩ። ክር በጥርሳቸው በጠሱ።

"ይቅር እንግዲህ" አሉ። ልባቸው ግን ታፔላው ላይ እንደቀረ ያስታውቃል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳለፈልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እጄን የማስቀምጥበት አጣሁ። ሻይ መጣ፤ ጠጣሁ። ብርጭቆውን ላጥብ ስነሣ ፌንጣ "ቁጭ በል!" አለ። ወለሉ ላይ የወደቀ ቁልፍ ላነሣ ጎንበስ ስል "ተወው፣ የሷ ቁልፍ ነው!" አለ። አንድ ደንበኛ መጥታ ልብሷን ስትለካ እኔን አየችና "ይሄስ ምን ሊያሰፋ ነው?" አለች። አክስቱ "ምንም፤ የኛው ነው" አሉ። ሴትየዋም ነገሩ የታወቀ እንደሆነ ሁሉ ራሷን ነቅንቃ ወደ ልኳ ተመለሰች። እኔ ያን ቃል ለብቻዬ ደጋግሜ አሰብኩት። ፌንጣ ስለ ጋራዡ ሰዎች እያወራ አሳቀን፤ አክስቱም ልጅ ሳለ ከነ ልብሱ የውኃ በርሜል ውስጥ ስለገባበት ቀን አወሩ። ሲመሽ ዳቦና እንቁላል በላን።

እሑድ ጠዋት ጋራዡ ወሰደኝ። ዝግ ነው፤ ዘበኛው ከፈተልን። ግቢው ውስጥ ለቀለም ተዘጋጅታ ጋዜጣ የለበሰች አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች። ፌንጣ በሩ አጠገብ አቆመኝና "ዓይንህን ጨፍን" አለኝ። እጄን ይዞ ቆርቆሮው ላይ አሳረፈው።

"ዳስሰው። የቱ ጋ ነበር የተጨረመተው?"

ቀስ ብዬ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው። አላገኘሁትም። ዓይኔን ገልጬ "እንጃ" ብለው ፊቱ ላይ ያን የማውቀውን ነገር አየሁ፤ ከረጅም ደረጃ ዘልሎ በሁለት እግሩ ሲያርፍ የሚያሳየውን። ሳቅ አይደለም፤ ሊስቅ ያለ ፊት ነው። ከትሪ የሚሰፋ ጉድጓድ እንደነበር፣ አሥራ አንድ ቀን እንደፈጀበት፣ ሥራውን የሚያስተምረው ማስተሩ በእጁ ዳስሶ ምንም ሳይል እንዳለፈና የማስተሩ ዝምታ ምስጋና እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። ቢሆንም እስኪጨርስ ድረስ ሁሉንም ጠየቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ቤት ነበርን። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፌንጣ ወሬውን አቆመ። ሰዓቱን አላየም፤ እንዳላየ ለማስመሰል ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከአምስት ሆነ።

"ልጄ፣ አውቶቡስህስ?" አሉ አክስቱ።

"ሄዷል፣ እትዬ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምንም።"

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ ደውዬ እንደማልገባ ነገርኩት። ማክሰኞ ሥራ ገባሁ።